ስለ መንገድ ስምና ስለ ቤት ቍጥር፤ ሳንሱሲን በመያዝ የቀረበ ሂስ

አንድ እንግዳ ሰው በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ በሳንሱሲ የሚኖር ዘመዱን ለመጐብኘት አስቦ አድራሻውን ቢጠይቅ ሁለት ዐይነት መልስ ያገኛል። በመታወቂያ ወረቀት ላይ የሰፈረው መልስ የክፍለ ከተማውን ስም፣ የወረዳውን ቍጥርና የቤቱን ቍጥር በተራ ይዘረዝራል። ባለቤቱ በቃሉ የሚሰጠው መልስ ግን «ከዊንጌት የአስኮን መንገድ ይዘው ይምጡ፤ ሳንሱሲ ሲደርሱ ይደውሉልኝ» የሚል ነው። እንግዳው የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ይዞ ቢነሣ መድረሱ ያጠራጥራል፤ ሁለተኛውን ይዞ ቢነሣ ግን ያለ ጥርጥር ይደርሳል። አድራሻ ማለት እንግዳን ወደ ቤት የሚያደርስ ቃል ከሆነ፣ በመዝገብ የሰፈረው አድራሻ ሥራውን አልፈጸመም፤ በአፍ የሚነገረውም ሥራውን የሚፈጽመው ባለቤቱ ስልክ ይዞ ደጅ እስከ ወጣ ድረስ ብቻ ነው። የሁለቱ መለያየት ከምን እንደ መጣና በምን ሊታረቅ እንደሚችል መመርመር ይገባል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከቃሉ መነሣት ይሻላል። «ሰፈር» የሚለው ስም «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «ከተማ»ም በጥንቱ አነጋገር ንጉሥ ወይም ጦር የሰፈረበትን ቦታ ያመለክት ነበር። በዚያ ሰፈር ውስጥ የእያንዳንዱ ሹም ቦታ የሚታወቀው ከንጉሡ ድንኳን አንጻር ነበር። ፊታውራሪ የፊቱን፣ ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ጦር ስለሚመሩ፣ ማዕረጎቹ ራሳቸው እንደ አድራሻ ያገለግሉ ነበር ማለት ይቻላል። ስለሆነም ቦታን ከታወቀ ማዕከል ተነሥቶ በፊትና በኋላ፣ በቀኝና በግራ መለየት ለኢትዮጵያ ሕዝብ ከውጭ የመጣ እንግዳ ጥበብ አይደለም።

በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው አዲስ አበባም ይህን ልማድ ወረሰች። ደጃች ውቤ ሰፈርና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከመኳንንቱ ስም፣ ሠራተኛ ሰፈር ከነዋሪዎቹ ሥራ የተወለዱ ስሞች ናቸው። ከዚያም ወዲህ ዘመን በተለወጠ ቍጥር አዲስ ድርብርብ ተጨመረ። ለገሐር ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ስም፣ ካዛንችስ ኢጣልያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅታቸው ስም ምሕጻር፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያም ከከተማ አውቶቡስ መስመር ቍጥር የመጡ ናቸው። ሕዝቡ ስሙን የሚቀበለው የማን ቋንቋ እንደ ሆነ መርምሮ ሳይሆን፣ ቦታውን ከሌላ ቦታ ለይቶ የሚያሳውቅ ሆኖ ሲያገኘው ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቀራንዮ ከቅዱስ መጽሐፍ፣ ዊንጌት በእንግሊዛዊው የጦር መኰንን ስም ከተሰየመው ትምህርት ቤት፣ ዓለም ባንክ ከገንዘብ ድርጅት፣ አጠና ተራ ከገበያ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከቍጥር የተገኙ ናቸው። «ሳንሱሲ» ደግሞ በድምፁ «ያለ ሐሳብ» የሚለውን የፈረንሳይኛ አነጋገር ያስታውሳል። የፕሩስያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. ከ1745 እስከ 1747 በፖትስዳም ያሠራው ቤተ መንግሥትና የሄይቲው ንጉሥ አንሪ ክሪስቶፍ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራው ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ይጠራሉ። በአዲስ አበባ ግን ስሙ የንጉሥ ማረፊያ ሳይሆን የመንደርና የታክሲ መቆሚያ ስም ሆኖአል። ረዳቱ «አስኮ፣ ሳንሱሲ» እያለ ሲጣራ ፈረንሳይኛውን የሚያስብ ሰው የለም፤ ቢሆንም ማንም አይሳሳትም።

ሳንሱሲን የሚያልፈው መንገድም ከጥንት ጀምሮ የአምቦ መንገድ ይባላል። ከከተማ የሚወጡ መንገዶች በሚያደርሱበት አገር ስም መጠራታቸው የታወቀ ልማድ ነው፤ የጅማ መንገድ፣ የደብረ ዘይት መንገድ እንደሚባለው ሁሉ። አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በይፋ ሀገረ ሕይወት ተብላ ነበር፤ መንገዱ ግን የአምቦ መንገድ መባሉን አልተወም። ስሙ መንገደኛውን ወዴት እንደሚሄድ ስለሚነግረው የደብዳቤ ትእዛዝ አልሻረውም።

ከዚህ ጋር ሲተያይ በይፋ የተሰጡት የመንገድ ስሞች ድካማቸው ይገለጣል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በመሆንዋ ብዙ ጎዳናዎች በአፍሪካ አገሮች ስም ተሰይመዋል፤ ካሜሩን ጎዳና፣ ጋቦን ጎዳና፣ ዚምባብዌ ጎዳና የሚሉ ጽሑፎች በየማዕዘኑ ይታያሉ። አሳቡ የሚከበር ነው፤ ወንድም ለሆኑ ሕዝቦች የተሰጠ ክብር ነውና። ነገር ግን ክብር መስጠትና መንገድ ማሳየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጋቦን ጎዳና ወደ ጋቦን አያደርስም፤ በአጠገቡም ጋቦንን የሚያስታውስ ምልክት ለመንገደኛው አይታየውም። ቸርችል ጎዳና የውጭ ሰው ስም ተሸክሞ ሳለ በሕዝቡ አፍ የገባው ለምንድን ነው ቢባል፣ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሐር በአንድ ወጥ መስመር የተዘረጋ፣ ሁለት የታወቁ ነጥቦችን የሚያገናኝ፣ ዐይን ከላይ እስከ ታች የሚያየው መንገድ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ስም የሚጸናው መስመሩ በዐይን ሲታይና ጫፎቹ ሲታወቁ ነው እንጂ በብረት ሰሌዳ ስለ ተጻፈ ብቻ አይደለም።

የቤት ቍጥሩ ነገር ከዚህ ይብሳል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም በየቀበሌው ተቋቋሙ። ቀበሌው ቤቱን የቈጠረው እንግዳ እንዲያገኘው አስቦ ሳይሆን፣ በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር ለማወቅ፣ ኪራይ ለመሰብሰብና በኅብረት ሱቅ ስኳርና ዘይት ለማደል ነው። ቍጥሩ የመንገዱን ቅደም ተከተል ሳይሆን የመዝገቡን ቅደም ተከተል ተከተለ። ስለዚህ የ300 ጎረቤት 301 ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሊያፍር ይችላል።

ቍጥሩ የመሥሪያ ቤት ልጅ በመሆኑም መሥሪያ ቤቱ በተለወጠ ቍጥር አብሮ ይናወጣል። ከተማው በከፍተኛና በቀበሌ፣ ቀጥሎ በዞንና በወረዳ፣ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ተከፈለ፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛ ሆኖ ተጨመረ። ሁለት ቀበሌዎች በተዋሐዱ ጊዜ አንዱ ቍጥር ለሁለት ቤቶች ሊደርስ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው በንግድ መዝገብና በጨረታ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ «የቤት ቍጥር፤ አዲስ» ተብሎ የሚነበበው ነው። «አዲስ» ቍጥር አይደለም፤ ቍጥር አለመኖሩን የሚሸፍን ቃል ነው እንጂ። ቤቱ አሥርና ሃያ ዓመት ቆይቶ ቢያረጅም በመዝገቡ ውስጥ «አዲስ» እንደ ሆነ ሊኖር ይችላል።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። ቤት በእሳት ሲያያዝ፣ ወላድ ሴት በሌሊት ምጥ ሲይዛት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲላክ፣ ቍጥሩ ካላደረሰ የሚጐዳው ሰው ነው። መጥሪያ ያልደረሰው ተከራካሪ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። ደብዳቤም ቢሆን የሚሄደው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ነው። በአገሪቱ ፖስታ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ እንኳ ደብዳቤው ባለቤቱን ደጁ ድረስ ሄዶ አይፈልገውም፤ ባለቤቱ ይፈልገዋል።

ለንጽጽር የመስኮብን አገር ከተሞች መመልከት ይጠቅማል። የስም አወጣጥ ልማዳቸው ከኢትዮጵያው ጋር የሚገናኝበት ነጥብ አለ፤ የአምቦ መንገድ ወደ አምቦ ስለሚወስድ እንደ ተባለ፣ በሞስኮም ትቬርስካያ የተባለው ጎዳና ስሙን ያገኘው ወደ ትቬር ከሚወስደው መንገድ ነው። የቤት ቍጥራቸው ግን ሌላ ሥርዐት ይከተላል። በሞስኮ ከመኻል ከተማ ወደ ውጭ በሚወጡ ጎዳናዎች ቍጥሩ የሚጀምረው ከክሬምሊን በኩል ነው፤ ኢተጋማሹ ቍጥር፣ ማለት 1፣ 3፣ 5 እያለ የሚሄደው፣ በግራ፣ ተጋማሹ በቀኝ ይሆናል። በፒተርስቡርግ ጎኑ ይገለበጣል፤ በኔቭስኪ ጎዳና ከአድሚራልቲ ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው ኢተጋማሹ በቀኝ፣ ተጋማሹ በግራ ነው። ሁለቱ ከተሞች በጎኑ ባይስማሙም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሥርዐት የጸኑ ናቸው። በሁለት መንገዶች ማዕዘን ላይ የቆመ ቤት 12/5 እንደሚባለው በሁለት ቍጥሮች ሊጠራ ይችላል፤ ከኋላ በግቢ ውስጥ የተሠራ ሕንፃም የፊተኛውን ቍጥር ይዞ «ኮርፑስ 2» እየተባለ ይለያል። ቍጥሩን ያየ ሰው የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

በስም በኩል ግን የሩሲያ ከተሞች መከራ አይተዋል። ትቬርስካያ እ.ኤ.አ. በ1932 የጎርኪ ጎዳና ተብሎ በ1990 ወደ ጥንት ስሙ ተመለሰ። ኔቭስኪ ጎዳናም ከ1918 እስከ 1944 የጥቅምት 25 ጎዳና ተብሎ ነበር። በዚሁ ጎዳና በቍጥር 28 የቆመው የታወቀው የመጻሕፍት ቤት ግን በጥቅምት 25 ጎዳናም ሆነ በኔቭስኪ ያው 28 ነው። ከዚህ ላይ የሁለቱ አገሮች ልዩነት በአጭር ቃል ይገለጣል፤ በፒተርስቡርግ ስሙ ተለዋወጠ፣ ቍጥሩ ጸና፤ በአዲስ አበባ ቍጥሩ ተለዋወጠ፣ ስሙ ጸና።

የኋለኛውን እውነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ደርግ ሲወድቅ ወደ ስሙ ተመለሰ። በ1976 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ የቆመው የሌኒን ሐውልት ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም. ወረደ። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ስድስት ኪሎ ስድስት ኪሎ፣ ካዛንችስም ካዛንችስ እንደ ሆኑ ቆዩ። የሰፈር ስም መንግሥት ያልሰጠው ስለ ሆነ መንግሥት ሲለወጥ አይለወጥም።

ይሁን እንጂ የሰፈርን ስም ያለ መጠን ማመስገንም ስሕተት ነው። ሳንሱሲ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሁለት ነዋሪዎች ቢጠየቁ አንድ ዐይነት መልስ ላይሰጡ ይችላሉ። ሰፈር ነጥብ እንጂ መስመር አይደለም፤ እንግዳውን እስከ መቆሚያው ያደርሰዋል እንጂ እስከ ደጁ አያደርሰውም። ደግሞም ስሙ በነዋሪዎቹ አፍ ስለሚኖር ነዋሪዎቹ ሲበተኑ አደጋ ላይ ይወድቃል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በፈረሰ ጊዜ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ስሙን በየቀኑ ይጠራ የነበረው ሕዝብም ወደ ልዩ ልዩ ዳርቻ ሄደ። የሚጠራው ሰው የሌለ ስም በመጽሐፍ ካልሆነ አይኖርም።

የተበተነው ሕዝብ ከሚገባባቸው ቤቶች መካከል የጋራ መኖሪያ ቤቶች አሉ፤ በእነርሱም ዘንድ አድራሻው ብሎክና የቤት ቍጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራው የኤልዳር ሪያዛኖቭ ፊልም «የዕድል ምፀት» በዚህ ነገር ይሳለቃል። አንድ የሞስኮ ሰው ሳያውቀው ሌኒንግራድ ይደርስና በዚያ ከራሱ አድራሻ ጋር በመንገድ ስም፣ በቤትና በክፍል ቍጥር አንድ የሆነ ቤት አግኝቶ በራሱ ቍልፍ ይከፍታል። በአዲስ አበባም «ብሎክ 5፣ ቤት ቍጥር 12» የሚለው በየመንደሩ ይደጋገማል፤ የሚለየው «ጀሞ» ወይም «ሚኪሊላንድ» የሚለው የቦታ ስም ብቻ ነው። ቍጥሩ ራሱ ከስሙ ጋር ካልተጋባ ባዶ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

በእጅ ስልክ ካርታ ችግሩ ተወግዶአል የሚሉ ይኖራሉ። የስልኩ ካርታ ለታክሲ ነጂው ብዙ እንደ ረዳ አይካድም። ነገር ግን ስልክ የግል ንብረት ነው፤ ባትሪው ያልቃል፣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ሽማግሌውም ላይጠቀምበት ይችላል። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቍጥር ግን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የተሰጠ የሕዝብ ጽሑፍ ነው፤ በፍርድ ቤትም ምስክር ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ቢሆን ይገባል። ቍጥሩ ሲበላሽ የኖረው ሁለት ጌቶችን እንዲያገለግል በመደረጉ ነው፤ ሰውን ለመቍጠርና ቦታን ለማሳየት። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ስለ ወጣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፋይዳ ቍጥር ሊይዝ ችሎአል። ሰው ከቤቱ ተለይቶ ከተቈጠረ፣ የቤት ቍጥርም ከመዝገብ ሎሌነት ነጻ ወጥቶ ወደ መንገዱ ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ ቍጥሩ ሕዝቡ ከሚያውቀው ነጥብ ይጀምር፤ በሳንሱሲ ከመቆሚያው፣ በሌላው ሰፈር ከድልድዩ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ። ግራና ቀኙ በኢተጋማሽና በተጋማሽ ይለይ። ውስጥ ለውስጥ የሚገባው ቅያስም እንደ ሩሲያው ኮርፑስ የዋናውን መንገድ ቍጥር ይዞ ይከፈል። በሰሌዳውም ላይ የክብር ስሙ በሚጻፍበት ጊዜ የሰፈሩ ስም ከሥሩ አይታጣ። ወረዳው ነገ ቢከፈል ወይም ቢዋሐድ ቍጥሩን የሚነካ ነገር አይኖርም፤ መንገዱ አልተዛወረምና።

ይህ ሲፈጸም በሳንሱሲ የሚኖረው ዘመድ እንግዳውን ለመቀበል ስልክ ይዞ ደጅ መቆም አያስፈልገውም። ቡናውን አስፈልቶ በቤቱ ይጠብቃል።