የሰርጉን ዘፈን ማን ይምረጥልን?

ሰርግ ሲደገስ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሙሽራዋ ልብስና ስለ ፎቶግራፉ በቤተሰብ መካከል ብዙ ይመከራል። የሙዚቃው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ «አንድ ዲጄ ይፈለግ» ተብሎ በስልክ ያልቃል። ድግሱ ካለፈ በኋላ ግን እንግዳው የሚያነሣው ወጡን ሳይሆን ጭፈራውን ነው። ስለዚህ በአዳራሾቻችን የሚሰማውን ሙዚቃ ዛሬ እንደ አንድ የጥበብ ሥራ ልንመዝነው ወደድን። በተለይም ከ2020 እስከ 2023 በጹር እስራኤል ዘመቻ ለመጡና ልጅ ለመዳር ለሚዘጋጁ ቤተሰቦች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በጎንደር፣ በሰሜን፣ በወልቃይትና በትግራይ ሰርግ በዳስ ሲደገስ ሙዚቃው ከሕዝቡ መካከል ይወጣ ነበር። ሴቶች ከበሮ ይመታሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። አዝማሪ ከተጠራም ማሲንቆውን ይዞ በእንግዶች መካከል እየተዘዋወረ፣ የገባውን አይቶ፣ ያኮረፈውን ለይቶ ለአባትየው አንድ ስንኝ፣ ለሚዜው ሌላ ስንኝ ይደረድራል። የአዝማሪው ሙያ ድምፁ ብቻ አልነበረም፤ ሰውን ማወቁም ነበር። የዛሬው ዲጄ የተተካው በዚሁ ሰው ቦታ ነውና በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባል።

በየሰርጉ የምናየው የመጀመሪያው ጉድለት ዘፈን መቁረጥ ነው። ብዙ ዲጄዎች አንዱን ዘፈን አንድ ሁለት ደቂቃ ካሰሙ በኋላ ወደ ሌላው ይዘልላሉ። ይህ ለዲስኮ ይስማማ ይሆናል፤ ለእኛ ጭፈራ ግን አይሆንም። እስክስታ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ጨፋሪዎቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ይፎካከራሉ፣ ከዚያም ይግላል። የትግርኛው ጓይላም እንዲሁ ነው፤ ሰው ክብ ሠርቶ በዝግታ ሲዞር ይቆይና ከበሮው ሲፈጥን ትከሻው ይነሣል። ዲጄው ከዚያች ደቂቃ በፊት ከቆረጠው ሰውን ዳገት አስወጥቶ ሜዳው ላይ ሳያደርስ እንደ መመለስ ነው። በ1995 ሩት ኤሼል በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት «እስክስታ» የተባለው የዳንስ ቡድን ይህንን የትከሻ ጥበብ በመድረክ ላይ አቅርቦታል። መድረክ የሰጠውን ክብር የራሳችን አዳራሽ ሊነፍገው አይገባም።

ሁለተኛው ጉድለት ቃሉን አለመስማት ነው። እዚህ ተወልደው ያደጉ ወጣት ዲጄዎች ምቱን አሳምረው ያውቃሉ፤ አማርኛውና ትግርኛው ግን ለብዙዎቹ ይከብዳል። በዚህ የተነሣ ምቱ ሞቅ ስላለ ብቻ የመለያየት ዘፈን ለሙሽሮች መግቢያ ሲለቀቅ እንሰማለን። ትዝታ ያማረ ዜማ ነው፤ ቦታው ግን እራት ሲበላ እንጂ ሙሽሮቹ ከሁፓ ሲመጡ አይደለም። ከዚህ የከፋም ሊመጣ ይችላል፤ ከበሮው ደስ ብሎት የጥምቀት መዝሙር ቄሶቻችን በተቀመጡበት ቢለቅ ምን ይባላል? ልጁ ክፋት የለበትም፤ ዝርዝሩን አስቀድሞ የሚያይለት ትልቅ ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ጩኸቱ ነው። በእስራኤል በ2006 የወጣው ደንብ የሰርግ አዳራሾችና የድግስ ሥፍራዎች የድምፅ መለኪያ እንዲኖራቸው ያዝዛል፤ ወሰኑም 85 ዴሲቤል ነው። የጤና ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ስሌት ጆሮ 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት ይችላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። እኛ ሽማግሌዎችን ስለ ክብራቸው ከፊት እናስቀምጣለን፤ ድምፅ ማጉያውም የሚቆመው እዚያው ነው! ከአፉላ፣ ከነታንያ፣ ከቂርያት ጋትና ከቤርሼባ የተሰባሰበ ዘመድ የሚገናኘው በሰርግና በለቅሶ ነው። ወጣቱ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚሰማው፣ ሰባት ቤት የሚቆጠርለት እዚያ ነው። አያትና የልጅ ልጅ መደማመጥ ካልቻሉ ድግሱ ዋናውን ሥራውን ሳይሠራ ተበተነ ማለት ነው።

ይሁንና ማሲንቆ ብቻ ይሰማ አንልም። ሙሽሮቹ የሚኖሩት በዚህ አገር ነው፤ ከሠራዊቱና ከሥራ ቦታ የመጡ ጓደኞቻቸውም የዕብራይስጡን ዘፈን ይፈልጋሉ። ጎበዝ ዲጄዎችም አሉን። ጎበዝ ዲጄ ዓይኑ ከኮምፒውተሩ ይልቅ በጨፋሪው ላይ ነው። ሽማግሌዎች ሳይደክሙ የጎንደሩንና የትግርኛውን ያስቀድማል፣ የወጣቱን ለኋላ ያቆያል። እናቶች ከበሮ ሲያነሡ ማሽኑን ዘግቶ እልልታው አዳራሹን እንዲሞላው ይተዋል። መሣሪያውን መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ ዲጄ ከሁሉም ይበልጣል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አስቡ። ዲጄውን በቅጂ ሳይሆን በሌላ ሰው ሰርግ ላይ ሄዳችሁ ስሙት። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ አነጋግሩት፤ የሚፈለጉትንና ፈጽሞ የማይፈለጉትን ዘፈኖች ጽፋችሁ ስጡት። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑን፣ የሚጀምርበትንና የሚጨርስበትን ሰዓት፣ ዋጋው ማዓምን ይጨምር እንደሆነ፣ መሣሪያ ቢበላሽ መተኪያ መኖሩን፣ የዘፈን መብት ክፍያውን ማን እንደሚከፍል ይግለጽ። የሚመጣው ያነጋገራችሁት ሰው ራሱ መሆኑም ይጻፍ። ውሉ በዕብራይስጥ ብቻ ከሆነ የሚያነብ ሰው ሳታገኙ አትፈርሙ። በኦሜር ሳምንታትና ከቲሻ በአብ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት በልማድ ሰርግ ስለማይደረግ የቀሩት ቀናት ይጣበባሉ፤ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ።

ገንዘቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ሌሊቱም የእናንተ ነው። አያቲቱም የልጅ ልጇም በአንድ ክብ ውስጥ የሚዞሩበት አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ይሰማ ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ አልጠየቃችሁም። መልካም ጋብቻ ያድርግላችሁ።