የአውሬው ማግሥት

አውሬ በሰው አንደበት የሚናገርበት ኪነ ጥበብ በሀገራችን አዲስ አይደለም። ጦጣ የምትመክርበት፣ ቀበሮ የምትሸነግልበት፣ አንበሳ በዙፋን ተቀምጦ የሚፈርድበት ተረት ከፊደል በፊት የነበረ፣ ከፊደልም በኋላ የዘለቀ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሀብት ወደ ኅትመት ሲገባ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ዕጣ ይገጥመዋል። በሕፃናት ገጽ ይወሰናል፤ በመጨረሻም አንዲት የምክር ዐረፍተ ነገር ትለጠፍበታለች። ምክሩ ሲነገር ተረቱ ያልቃል፤ ተረቱ ሲያልቅ አውሬው ይሞታል። በማግሥቱ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ የለም። ሊጠየቅ የሚገባው ግን ይኸው ነው፦ የሚናገረው አውሬ ማግሥት ቢኖረው ምን ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ማንኪራ ነው። በካፋ፣ በዴቻ ወረዳ የሚገኘው የማንኪራ ደን ስሙ የተጠራው በጫካ ቡናው ነው፤ የካፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በደን ዳር ለሚያርሰው ገበሬ ግን ደን የግድግዳ ሥዕል አይደለም። በቆሎው ሲያሽት ጦጣው፣ ዝንጀሮው፣ ከርከሮውና ጃርቱ ይመጣሉ። በመሆኑም ማማ ይሠራል፤ ሰብሉ ቀንና ሌሊት ይጠበቃል። በማማ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጦጣ ምሳሌ ብቻ አይደለችም። ትናንት የመጣች፣ ዛሬ የተባረረች፣ ነገም የማትቀር ጎረቤት ናት። የትኛዋ ፈሪ፣ የትኛዋ ደፋር እንደሆነች ጠባቂው ለይቶ ያውቃል። ይህ ዕውቀት የአንድ ቀን ሳይሆን የወራት ፍሬ ነው። በሥነ ጽሑፍ ገጸ ባሕርይ የምንለውም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም።

የሕዝቡ አነጋገርም ይህን ይመሰክራል። «ጅብ በማያውቁት ሀገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ያልሰማ የለም። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የሚያስቀው ጅቡ መናገሩ አይደለም። የሚያስቀው በሀገሩ የሚያውቁት መኖራቸው ነው። ቁርበቱን ምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ ሰው ባይኖር ቀልዱ ባዶ ይሆን ነበር። እንግዲህ የአውሬ ታሪክ ደራሲ ትልቁ ሥራ አውሬውን ማናገር ሳይሆን፣ አንባቢውን «የጅቡ ሀገር ሰው» ማድረግ ነው።

በሀገራችን አውሬውን ከምድጃ ዳር አንሥቶ ወደ መድረክ ያወጣው ተውኔት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከመቶ ዓመት በላይ በፊት የጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በሩሲያ የተማሩትና በኋላም የ1923ቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ደራሲ፣ የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት በአውሬዎች አንደበት ተቹ። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በዘመናዊ የተውኔት ታሪካችን የመጀመሪያው ሥራ የመጀመሪያው እገዳ ሰለባም ሆነ።

ከዚህ እገዳ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ትምህርት፣ የአውሬ ጭንብል እውነትን ለመደበቅ የሚያገለግል መሸሸጊያ ነው የሚል ነው። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ጭንብሉ ማንንም አልደበቀም፤ በመድረኩ ላይ ራሳቸውን ፈጥነው ያወቁት የተተቹት ናቸው። የአውሬ ጭንብል መደበቂያ ሳይሆን ማሳያ ነው። የ«ፋቡላ»ን አውሬዎች ያጎደላቸው ጭንብል አይደለም፤ ዕድሜ ነው። በቅርጹ የላፎንቴን ተረት ትምህርቱን ሰጥቶ በሩን የሚዘጋ ነው። እገዳው ደግሞ ያንኑ በር ከውጭ ቆለፈው። ተመልካቹ ከአውሬዎቹ ጋር ለመልመድ ጊዜ አላገኘም።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን ነገሩ እምብዛም አልተለወጠም። ተስፋዬ ሣህሉ፣ በሕዝቡ አጠራር አባባ ተስፋዬ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። ውለታቸው ታላቅ ነው። ነገር ግን ልጆቹ በየሳምንቱ የናፈቁት ተራኪውን እንጂ አንዱን ጦጣ ወይም አንዱን ቀበሮ አልነበረም። ተራኪው ማግሥት ነበረው፤ አውሬው አልነበረውም።

ማግሥት ያለው አውሬ ምን እንደሚመስል ለማየት ከመድረክ ወደ ጋዜጣ፣ ከሀገር ወደ ውጭ መሻገር ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዋልት ኬሊ «ፖጎ» የተሰኘውን፣ በሥዕል የሚተረክ ተከታታይ የጋዜጣ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1948 ጀመረ፤ ታሪኩ ከእርሱ ሞት በኋላ እስከ 1975 ዘልቋል። ቦታው የኦኪፌኖኪ ረግረግ ነው። ፖጎ፣ ኦፖሰም የሚባል የጫካ እንስሳ፣ ከአዞ፣ ከጉጉት፣ ከኤሊና ከጃርት ጋር ይኖራል። ከእነዚህ ጎረቤታሞች ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሂስ የሚገባው በ1953 የጸደይ ወራት የተጀመረው የአንድ ዓመት ታሪክ ነው።

በዚያን ጊዜ የሕግ መወሰኛው አባል ጆሴፍ ማካርቲ ኮሚኒስት አድናለሁ እያለ ብዙዎችን በጥርጣሬ ብቻ ያሳድድ ነበር። ኬሊ በረግረጉ ውስጥ ሲምፕል ማላርኪ የሚባል የዱር ድመት አስገባ፤ ፊቱ የማካርቲ ፊት ነው። ማላርኪ ዓይኑ በቅጡ ከማያይ ግን ሁሉን ከሚጠረጥር ፍልፈል ጋር ያብራል፤ የወፍ ተመልካቾችን ማኅበርም በጠመንጃ ኃይል ይቆጣጠራል። አንባቢው ይህን በአንድ ቀን አላየም። በየማለዳው ጥቂት ሥዕሎች እያየ፣ ጎረቤታሞቹ መጀመሪያ እንዴት እንደሳቁ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደፈሩ፣ ከዚያም አንዳንዱ እንዴት እንዳጎበደደ ተከተለ። ትችቱ የሰላው በድመቱ ፊት አይደለም። ለዓመታት በየዋህነቱ የታወቀ ጎረቤት በጠመንጃ ፊት ምን እንደሚሆን በማሳየቱ ነው። ይህን አንድ ተረት ብቻውን ሊሠራው አይችልም።

ሥራው እንከን የለውም ማለት አይደለም። ንግግሩ በአካባቢ ዘዬና በቃላት ጨዋታ የተወሳሰበ ስለሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል፤ ዋናው ጉድለቱ ግን የማላርኪ ፊት ነው። የአንድ የታወቀ ሰው መልክ የተሳለበት አውሬ ከሰውየው ጋር ያረጃል። ማካርቲ በታኅሣሥ 1954 በባልደረቦቹ ተወገዘ፤ በ1957 ሞተ። የዛሬ አንባቢ ያን ፊት ለማወቅ የታሪክ መጽሐፍ ይሻል፤ አዞውንና ኤሊውን ለማወቅ ግን ምንም አይሻም።

የሚደንቀው፣ ይህን ጉድለት ያረመው የሳንሱር ግፊት መሆኑ ነው። በ1954 በፕሮቪደንስ ከተማ የሚታተም አንድ ጋዜጣ የማላርኪ ፊት እንደገና ከታየ ታሪኩን እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ኬሊም ከፕሮቪደንስ አካባቢ አንዲት ዶሮ ወደ ረግረጉ እንድትመጣ አደረገ። ማላርኪ እንዳታየው ሲል ራሱ ላይ ከረጢት አጠለቀ። አንባቢው በከረጢቱ ውስጥ ያለውን አላጣውም፤ ዓመቱን ሙሉ አኳኋኑን ለምዷልና። ከዚህም በላይ ፊት አልባው አውሬ ከፊተኛው ይልቅ አስፈሪ ሆነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማላርኪ ማካርቲ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በየትኛውም ሀገር፣ በየትኛውም ዘመን ጎረቤቱን በጥርጣሬ የሚያሳድድ ሁሉ ሆነ። ጭንብል ያለ ፊት እንኳ እንዲታወቅ የሚያደርገው የገጸ ባሕርይ ጽናት ነው።

ለደራሲያንና ለሠዓሊያን ትምህርቱ ግልጽ ነው። አውሬን የእገሌ ምሳሌ ከማድረግ በፊት ለራሱ ሰፈር፣ ጠባይና ትዝታ መስጠት ያስፈልጋል። መምህራንም ተረት ሲያስነብቡ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ብለው ከመዝጋት ይልቅ «ጦጣዋ በማግሥቱ ምን ያደረገች ይመስላችኋል?» ብለው ቢከፍቱት ይበጃል። በመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ መልስ ይሸመድዳል፤ በሁለተኛው ይፈጥራል። እንዲህ ያለ ተከታታይ ታሪክ በአማርኛም ሆነ በካፊ ኖኖ ቢወጣ፣ በጋዜጣም በትምህርት ቤት ግድግዳም ላይ ቢለጠፍ፣ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ቀለምና ትዕግሥት ነው።

ከእነዚህ ሦስቱ የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው። እርሱንም የሚያስተምር ሰው ሩቅ አይደለም። በማንኪራ ደን ዳር በማማው ላይ ያለው ጠባቂ ወንጭፉን ይዞ ተቀምጧል። ጦጣዋን ዛሬ አባሯታል፤ ታሪኩ አለቀ ብሎ ግን ከማማው አይወርድም።