ከ«እግዜር እንግዳ» እስከ «ጎዳና ተዳዳሪ»፦ ስለ ቤት አልባው የምንናገርባቸው ተለዋጭ ዘይቤዎች

መነሻ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ተለዋጭ ዘይቤን በቅድሚያ የሚያውቀው በብያኔው ነው፤ አንድን ነገር «እንደ» ሳይሉ በሌላው ነገር ስም መጥራት። ዘሪሁን አስፋው በ«የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» (1992 ዓ.ም.)፣ ብርሃኑ ገበየሁም በ«የአማርኛ ሥነ ግጥም» (1999 ዓ.ም.) አማካይነት ብዙዎቻችንን በዚህ ረገድ አስተምረውናል። በክፍል ውስጥ አዘውትረን የምንጠይቀው ግን ዘይቤው ሐሳቡን ምን ያህል አደመቀው፣ ምን ያህልስ አጎላው የሚለውን ነው። እኔ በዚህ መጣጥፍ የማነሣው ጥያቄ ከዚህ ጥቂት ፈቀቅ ያለ ነው። ተለዋጭ ዘይቤ ስለ እርሱ በሚነገርበት ሰው ላይ ምን ያደርጋል?

ይህ ጥያቄ የመጣልኝ ከመጻሕፍት አይደለም። ለአንድ ዓመት ያህል በቡራዩ በሚገኝ አንድ የቤት አልባዎች መጠለያ፣ አልፎ አልፎም በሰበታና በሱሉልታ ባሉ ሁለት ተመሳሳይ ቦታዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። ሥራው ልብስ ማጠብ፣ ፀጉርና ጥፍር መቁረጥ፣ ምግብ ማደል፣ ማየት ለተሳናቸው ጋዜጣ ማንበብ ነበር። ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን የሚከቡ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሰው ከገጠር ወደ ዋና ከተማዋ የሚገባባቸው በሮች ናቸው፤ የዋና ከተማዋ ኑሮ የገፋውም ተመልሶ የሚያርፈው እዚሁ በሮች ላይ ነው። ስለዚህ «መንገድ»፣ «ደጅ»፣ «ቤት» የሚሉት ቃላት በእነዚህ ቦታዎች የግጥም ጌጥ ብቻ ሆነው አይሰሙም።

የመጣጥፉ መከራከሪያ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አማርኛ ስለ ቤት አልባው ሰው የሚናገርባቸው ተለዋጭ ዘይቤዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ተናጋሪውንና ቤት አልባውን በግዴታ ያስተሳስራል። ሁለተኛው ወገን ቤት አልባውን ለብቻው ለይቶ ያስቀምጠዋል። ሥነ ጽሑፋችንም ሆነ ሒሳችን በየትኛው ወገን እንደቆመ መመርመር ይኖርበታል።

አዳሪ፣ ተዳዳሪ፣ አስተዳዳሪ

ከቃሉ እንጀምር። «በረንዳ አዳሪ»ም «ጎዳና ተዳዳሪ»ም የተገኙት «አደረ» ከሚለው ግሥ ነው። የግዕዙ «ኀደረ» መኖርን፣ ማረፍን ያመለክታል፤ «ማኅደር» ማደሪያ ነው፤ የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ ከረጢትም በዚሁ ስም ይጠራል። በእኛ ባህል መጽሐፍ እንኳ ሜዳ አያድርም ማለት ነው።

በዘመናዊው አማርኛ ይህ ግሥ የኑሮ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ወዝ አደር እንላለን። እነዚህን ጥምረቶች ልብ ብሎ ላስተዋለ ሰው ከ«አደር» በፊት የሚመጣው ሥራ ወይም የሥራ ወዝ ነው። ሰውየው የሚታወቀው አርሶ፣ አርብቶ፣ ወዙን አፍስሶ በማደሩ ነው። «በረንዳ አዳሪ» ላይ ስንደርስ ግን ሥራው ጠፍቶ ቦታው ብቻ ይቀራል። ሰውየው ሌሊቱን ያሳለፈበት ሲሚንቶ ማንነቱ ይሆናል። «ጎዳና ተዳዳሪ» ይህን ጉድለት ለማለዘብ የመጣ አጠራር ይመስላል፤ «በንግድ የሚተዳደር» እንደምንለው ጎዳናውን የገቢ ምንጭ አድርጎ ያቀርባል። እማሬያዊ ፍቺው ጨዋ ነው፤ ፍካሬው ግን ምጸት ነው። ከዚሁ ሥር «አስተዳዳሪ» እና «አስተዳደር» መውጣታቸው ደግሞ ምጸቱን ያጠነክረዋል። ተዳዳሪውና አስተዳዳሪው የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው።

በቡራዩው መጠለያ ብዙዎቹ አረጋውያን የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። የጠዋት ሰላምታቸው «አከም ቡልቴ?» ነው፤ እንዴት አደርክ ማለት። «ቡሉ» ማደር ሲሆን፣ ከእርሱ የወጣው «ቡልቹ» ማሳደርም ማስተዳደርም ነው፤ «ቡልቺንሰ» አስተዳደር ይባላል። ሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ ቃል ይዘው አንድ ዓይነት መንገድ መሄዳቸው እጅግ አስገርሞኛል። በሁለቱም ዘንድ አገር ማስተዳደር ማለት ከሥሩ ሲታይ ሰውን ማሳደር፣ ሌሊቱን በደኅና እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ይህን ቢሰማ የሚጠቀምበት ይመስለኛል።

በአማርኛም «እንደምን አደሩ?» የሞተ ተለዋጭ ዘይቤ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጠያቂው ስለ ማደር አያስብም፤ ሰላምታ መስጠቱ ነው። በመጠለያ ውስጥ ግን ቃሉ ከሞት ይነሣል። አንድ አዛውንት በዚህ ሰላምታ ስንቀበላቸው፣ «እኔስ አደርሁ፤ ሌሊቱ ነው አላድር ያለው» ሲሉ መልሰውልናል። ከበር ውጭ ያሳለፉትን የክረምት ሌሊት መናገራቸው ነበር። ይህን አባባል ከአንድ የታወቀ ገጣሚ መድበል አግኝተነው ቢሆን ኖሮ በሰውኛ ዘይቤ ምሳሌነት ለፈተና እናቀርበው ነበር።

ቤት በግጥም፣ ቤት በደጅ

የአማርኛ ግጥም ቤት አለው። ስንኞች የሚገጥሙበትን ድምፅ «ቤት» እንላለን፤ ግጥምም «ቤት መታ» ወይም «ቤት አልመታም» ይባላል። ቅኔ የሚማሩበት ቦታ ቅኔ ቤት፣ ዜማ የሚማሩበት ዜማ ቤት፣ ትርጓሜ የሚማሩበት መጽሐፍ ቤት ነው። ነገር ግን ይህን ቤት የሠራው ተማሪ ራሱ ቤት አልነበረውም። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው ሰምና ወርቅን የተማረው። ሌሊት የሚገባባት ጎጆ ከሣርና ከጭራሮ የቆመች ነበረች። ስለ አማርኛ የኪነ ቃል ብልኅነት ስንናገር ብልኅነቱ ከለማኝ አፍ የወጣ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

ይህን ያሳሰቡኝ በሱሉልታ ያገኘኋቸው፣ በወጣትነታቸው ጎጃም ቅኔ የቆጠሩ አንድ አባት ናቸው። «በአኩፋዳ ስኖር ተማሪ ይሉኝ ነበር፤ አኩፋዳው ሲቀር ጎዳና ተዳዳሪ አሉኝ» ብለውኛል። ለምኖ መብላቱ አንድ ነው፤ ስሙ ግን ተለወጠ። በመጀመሪያው ስም የሚጠራቸው ኅብረተሰብ ለእርሳቸው ድርሻ ነበረው፤ ቁራሽ የሰጠ ባላገር በትምህርቱ ይካፈላል። በሁለተኛው ስም የሚጠራቸው ኅብረተሰብ ግን ተመልካች ነው።

«የእግዜር እንግዳ» የሚለው የጥንት አጠራርም ከዚያው ከመጀመሪያው ወገን ነው። መንገደኛ መሽቶበት «አሳድሩኝ» ሲል የሚሰጠው መልስ «ቤት የእግዜር ነው» የሚል ነበር። በዚህ ዘይቤ ባለቤቱ ራሱ ከባለቤትነት ዝቅ ይላል፤ እርሱም በሌላ ሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ ይቆጠራል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይተካከላሉ። ይህን ስል የጥንቱ ኑሮ ለድኃ የተመቸ ነበር ማለቴ አይደለም። «እግዜር ይስጥልኝ» የምስጋና ቃል ሲሆን፣ «እግዜር ይስጥህ» ለማኝን ባዶ እጁን መሸኛ መሆኑን የማያውቅ የለም። ያው ዘይቤ ለመስጠትም ለመንፈግም ያገለግላል። ቢሆንም ነፋጊው እንኳ ዕዳ መኖሩን ሳያምን መንፈግ አይችልም።

ሌሊት እየተነሡ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች ደግሞ ነገሩን ይገለብጡታል። ለማኙ ገጣሚ፣ ባለቤቱ አድማጭ ይሆናል። የሰጠ ይወደሳል፣ የነፈገ ይሰደባል። ተለዋጭ ዘይቤውን የሚፈጥረው ደጅ የቆመው ሰው ነው፤ በዘይቤው የሚመዘነው ደግሞ ውስጥ የተኛው ነው። በቃል ግጥም ጥናታችን ላሊበሎችን በይዘትና በዜማ እንመድባቸዋለን እንጂ፣ ይህን የሥልጣን መገለባበጥ እምብዛም አናነሣም።

በዛሬዎቹ የዳር ከተሞች ሕዝቡ የፈጠረው ዘይቤም አለ። ያለ ፈቃድ በሌሊት የሚቆመው ቤት «የጨረቃ ቤት» ይባላል። ስሙ ውብ ነው፤ ውበቱ ግን ስጋት አለበት። በጨረቃ የቆመ በፀሐይ ሊፈርስ ይችላልና። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ይህን ስም የተሸከሙ ብዙ ቤቶች አብረው ሄደዋል።

እብዱ እንደ ተምሳሌት

ወደ ልብ ወለዱ ስንመጣ በቅድሚያ የምናገኘው ጉዱ ካሣን ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ሰዎች እብድ የሚሉት ይህ ገጸ ባሕርይ የሥርዓቱን ብልሹነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያይ ነው። ከዚያ ወዲህ «እውነትን የሚናገር እብድ» በድርሰቶቻችን ውስጥ የተለመደ ተምሳሌት ሆኗል። ሒሳችንም አብሮት ተለማምዷል፤ በድርሰት ውስጥ ጨርቁን የጣለ ሰው ባየን ቁጥር «የአገሪቱ ኅሊና» እንለዋለን።

በቡራዩ አቅራቢያ፣ ከገፈርሳ ግድብ አካባቢ፣ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ይገኛል። እኔ ያገለገልሁበት መጠለያም የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያስጠጋል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ጥቂት ወራት የቆየ ሰው ተምሳሌቱን ማመን ያቅተዋል። አብዛኞቹ ስለ አገር አይናገሩም። ስለ እግራቸው ቁስል፣ ስለ መድኃኒታቸው፣ ስለ ወሰዱባቸው ብርድ ልብስ ይናገራሉ። ወይም ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን «የሕዝብ ዝምታ» ብሎ መተርጎም ዝም ያሉበትን ምክንያት አለመጠየቅ ነው።

እንግዲህ ጉዱ ካሣን ዳግመኛ ስናነበው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። እርሱ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ፣ የተማረ፣ ርስትና ስም ያለው ሰው ነው። እብደቱ ቤት አለው። የሚደመጠውም፣ ሲናገር የማይደበደበውም ስለዚህ ነው። ደራሲው ይህን በጥንቃቄ ነድፎታል፤ ጥፋቱ የእኛ የአንባቢዎቹ ነው፤ የባለ ርስቱን እብደት ወስደን የበረንዳ አዳሪውን ሕመም የምንፈታበት ቁልፍ ማድረጋችን ነው።

በአንጻሩ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» እንመልከት። ለብዙ ዓመታት ሳይታተም የቆየው ይህ ልብ ወለድ በውቤ በረሃ ሴተኛ አዳሪዎች ሕይወት ላይ ያተኩራል። «አዳሪ» የሚለው ቃል እዚህም አለ። ስብሐት ግን ሴቶቹን የምንም ነገር ተምሳሌት ለማድረግ አይቸኩልም። ይቀልዳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይወዳሉ። ስለ ራሳቸው የሚናገሩት በራሳቸው አፍ ነው። ልቅነቱ ብዙ ሲያነጋግር ኖሯል፤ ለእኔ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ተጠሪዎቹ ለጠራቸው ሰው መልስ የመስጠት ዕድል ማግኘታቸው ነው።

ማንሣትና መነሣት

ጆርጅ ላኮፍና ማርክ ጆንሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ተለዋጭ ዘይቤ የግጥም ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለት አስተሳሰባችን መሠረት እንደሆነ አሳይተዋል፤ ከምሳሌዎቻቸውም አንዱ ከፍታን ከመልካም፣ ዝቅታን ከክፉ ጋር ማያያዛችን ነው። የእርዳታ ቋንቋችን ከዚህ አይወጣም። ቤት አልባው «የወደቀ» ነው፤ ረጂው «ያነሣዋል»። «የወደቁትን አንሱ» በሚል ስም የሚታወቅ የነዳያን መርጃ ማኅበርም አለ። ትእዛዙ ለቆመው ሰው የተሰጠ ጥሪ ስለሆነ ኃይሉ የሚናቅ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ትእዛዙ ወደ ዘገባ ሲለወጥ ነው፤ ይህን ያህል ሰው «ከጎዳና ተነሣ» ሲባል። «የልማት ተነሺ» በሚለው አጠራርም ያው ግሥ አለ። ሰውና የቤት ዕቃ በአንድ ግሥ ይነሣሉ።

በሰበታው መጠለያ አንዲት እናት ከጎዳና መቼ እንዳነሷቸው እንግዶች ሲጠይቋቸው፣ «አላነሡኝም፤ ተነሣሁ» ሲሉ ሰምቻለሁ። «ተነሣ» በአማርኛ ሁለት መንገድ ይፈታል፤ ሌላ ሰው አነሣው፣ ወይም ራሱ ተነሥቶ ቆመ። ጠያቂዎቹ የመጀመሪያውን ይዘው መጡ፤ እርሳቸው ሁለተኛውን መረጡ። ቃሉን አልለወጡም፣ ዘይቤውንም አልጣሉም፤ የግሡን ባለቤት ብቻ ለወጡ። ቅኔ አዋቂ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ እንደሚያወጣ ማለት ነው።

«መቄዶንያ» በሚባለው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል መፈክር ላይም ተመሳሳይ ኅብር ይታየኛል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። «ሰው» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የተረጂው፣ ቀጥሎ የረጂው ስም ሆኖ ገብቷል። በአማርኛ «ሰው ነው» ማለት ፍጥረትን ብቻ ሳይሆን ምግባርንም ያመለክታል፤ «ሰው የለኝም» ማለትም ወገን የለኝም ማለት ነው። መፈክሩ የሚረዳውንና የሚረዳበትን በአንድ ቃል ስለጠራቸው አንደኛውን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አያደርግም።

ማጠቃለያ

ሱዛን ሶንታግ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሥራዋ ሕመምን ከተለዋጭ ዘይቤ ማጽዳት እንደሚገባ ተከራክራለች። ነቀርሳና ካንሰር የተጫነባቸው ትርጓሜ ታማሚውን በሕመሙ ላይ ሌላ ሸክም ያሸክመዋል ባይ ናት። በገፈርሳ በኩል የተጓዘ ሰው ከእርሷ ጋር የሚስማማበት ብዙ ምክንያት ያገኛል። እኔ ግን እስከ መጨረሻው አብሬያት አልሄድም። በሦስቱ ከተሞች ያገኘኋቸው ሰዎች ዘይቤ አልጠሉም። ሌሊቱ አላድር አለ ያሉት፣ ተነሣሁ ያሉት፣ ስለ አኩፋዳቸው የተናገሩት በተለዋጭ ቋንቋ ነው። ዘይቤን ከእነርሱ መንጠቅ የቀራቸውን አንድ ንብረት መንጠቅ ይሆናል።

ስለዚህ ሒሳችን ስለ ድኃ፣ ስለ እብድ፣ ስለ ቤት አልባ የተጻፈ ሥራ ሲገጥመው ከዘይቤው ውበት ጋር ሁለት ነገሮችን እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ዘይቤው ተናጋሪውን ከተነገረለት ሰው ጋር ያስተሳስረዋል ወይስ ይለየዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የተነገረለት ሰው በድርሰቱ ውስጥ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አለው ወይ የሚለው ነው። በዚህ መለኪያ «ሌቱም አይነጋልኝ» እና የላሊበሎች ቃል ግጥም እስከ ዛሬ ከሰጠናቸው ቦታ ከፍ ያለ ይገባቸዋል። በየጊዜው የምናሳትማቸው፣ በረንዳ አዳሪን የአገር ምሳሌ የሚያደርጉ አጫጭር ልብ ወለዶችና ግጥሞች ግን፣ የእኛ የተማሪዎቹ ሥራዎች ጭምር፣ ዳግመኛ መታየት አለባቸው። የቃል ግጥም ለመሰብሰብ ወደ ሩቅ ገጠር ለሚዘጋጁ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችም ከአዲስ አበባ በታክሲ የሚደረስባቸው እነዚህ መጠለያዎች ያልተነካ መስክ መሆናቸውን አመለክታለሁ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ግን መቅረጸ ድምፁን ከመክፈቱ በፊት ጥቂት ቅዳሜዎች ልብስ ቢያጥብ ይመረጣል፤ የሚነገረውም የሚጠናውም ያኔ ነው።