ቅቤ በጆሮ ነው የሚነጠረው

ከደሴ ወደ መቱ ለማስተማር መጥታ አጠገቤ የተከራየች ልጅ ባለፈው መስከረም አንድ ጣሳ ቅቤ ይዛ ገባች። «እትዬ፣ እስኪ ይቅመሱልኝ» አለች። መቅመስ አላስፈለገኝም፤ ክዳኑ ሲነሳ ከርፍቷል። ካነጠረችው ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም።

ያናደደኝ ቅቤው ሳይሆን ቀጥላ የጠየቀችኝ ነው። «ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው ከእሳት የሚወርደው?» ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ቴርሞሜትር ገዝታለች።

ቅቤ በዲግሪ አይወርድም፤ ዝም ሲል ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ይንተከተካል፣ አረፋው ሲገፈፍ ይንጣጣል፣ ቀጥሎ ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ካላወረድሽው ከድስቱ ግርጌ ያለው ዝቃጭ ያርራል፤ ከዚያ በኋላ ኮረሪማም አያድነውም። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ሳቀችና በራሷ ቋንቋ አስረዳችኝ፦ የሚጮኸው ውሃው ነው፤ ውሃው እስካለ ሙቀቱ ከመፍያው ብዙ አያልፍም፣ ያለቀ ቀን ግን ይፈተለካል። የፋብሪካ ቅቤ እንኳ እስከ 16 ከመቶ ውሃ አለው አለችኝ። በኮባ ተጠቅልሎ ከኖፓ የሚመጣልኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል፤ ሦስት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ አሬራውን ሳላስለቅቅ እሳት ላይ አልጥደውም። እንግዲህ የምንለው አንድ ነው። ልዩነታችን፣ የእሷ ቴርሞሜትር «አለቀ» እስኪል ድረስ የእኔ ቅቤ ተጠልሎ ማሰሮ ውስጥ ገብቷል።

የእሷን ቅቤ ያበላሸው ነጭ ሽንኩርት ነው። የባለቤቴ እህት ጎሬ ላይ እንደምታደርገው ሁሉንም አንድ ላይ ጨምራዋለች፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ኮሰረቱን፣ አብሹን፣ ኮረሪማውን። ከዚህች ሴት ጋር በዚህ ጉዳይ ሠላሳ ዓመት ተከራክረናል፣ አልተስማማንም። እርጥብ የሆነው ቀድሞ ይገባል፤ ውሃውን ከቅቤው ውሃ ጋር ይጨርሳል። ነጭ ሽንኩርት በሁለት ጣት ሲጨፈለቅ ከለሰለሰ ገና ነው፣ ከተሰበረ ደርቋል። ኮረሪማ ግን የመጨረሻ ነው፤ ድምፁ ሲሳሳ። ቀድሞ ከገባ ሽታው በእንፋሎት ወጥቶ ለጎረቤት ይደርሳል፣ ለወጥሽ ምንም አይተርፍም። የተፈጨ ኮረሪማ የሚገዛ ሰው ደግሞ ባይገዛ ይሻለዋል። ያዩ፣ ሁሩሙ፣ ኖፓ ቡናው ጥላ ሥር በቅሎ እያየን፣ ዩኔስኮ እንኳ በ2002 ዓ.ም. የያዩን ጫካ በባዮስፌርነት ሲመዘግብ፣ የመቱ ሴት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የታሸገ ዱቄት ትገዛለች! ከነልጣጩ አስቀምጪው፤ በብረት ምጣድ ነካ አድርገሽ ፍሬውን አውጥተሽ ያኔውኑ ውቀጪው።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ የኖፓ ልጅ። ቅቤ የምታነጥረው ለፍቺ ነበር፤ ለፋሲካ፣ ለገና፣ ከሁሉ በላይ ለፍልሰታ። በጾም ስለሚነጠር አይቀመስም። በሌላው ቀን ቀምሶ የለመደ ሰው በጾም ቀን ምን ያደርጋል? አፍ ሲታሰር ጆሮ ይሠራል። እኛ ልጆቹ ገና ለመጾም ስላልደረስን ዝቃጩን በእንጀራ እየጠረግን እንበላ ነበር፤ እሷ ከፊታችን ዞር ትላለች።

ችግሩ ፍልሰታ ነሐሴ ነው። የኢሉባቦርን ነሐሴ ያላየ ሰው ዝናብ አይቻለሁ አይበል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆነሽ አጠገብሽ ያለ ሰው ሲጮህ እንኳ አይሰማሽም። አንድ ዓመት፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ገደማ፣ እናቴ ኪዳን ቆማ እኔ ብቻዬን አራት ኪሎ ቅቤ ጣድኩ። ዝናቡ ወረደ። ድምፁን ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም የለም፤ ገና ነው ብዬ ተውኩት። ጭስ አየሁ። ለፍቺው ዶሮ የሠራነው በተቃጠለ ቅቤ ነው፤ አባቴ አንድም ቃል ሳይናገር በላ፣ እናቴም አልተቆጣችም።

በማግስቱ ዘዴዋን አሳየችኝ። ረጅሙን የእንጨት ማማሰያ ከድስቱ ግርጌ ታስደግፍና የእጀታውን ጫፍ ከጆሮዋ በታች፣ መንጋጋዋ ላይ ታሳርፋለች። እኔም ሞከርኩ። ቆርቆሮው እየተንጓጓ፣ የቅቤው መንጣጣት በአጥንቴ ውስጥ ገባ። (ልጅ አጠገብ ካለ አታድርጊው፤ ትኩስ ቅቤ ቀልድ አያውቅም።)

ከዚያ በኋላ እናቴን ብዙ ጊዜ እንደዚያ አጎንብሳ አይቻታለሁ። በታኅሣሥ፣ ለገና ስታነጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ዘንባባው ላይ ያሉት ወፎች ብቻ እየጮሁ፣ ማማሰያዋን መንጋጋዋ ላይ አሳርፋ። ልማድ ሆኖባት ነው ብዬ እስቅ ነበር። ከበር ስጠራት ለምን ሁለት ሦስቴ መድገም እንደነበረብኝ ግን አልጠየቅሁም።

ልጅቷ አሁን በየወሩ ከእኔ ጋር ታነጥራለች፤ ቴርሞሜትሩንም ይዛ ትመጣለች፣ አልከለከልኳትም። ባለፈው ጥር ቅዳሜ ከሰዓት ድስቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለ ትከሻዬን ነካችኝ። ምናልባት ቀድማ ተናግራ ይሆናል።

«እትዬ» አለች፣ «ዛሬ እኮ ዝናብ የለም።»