በደጀን ቤቶች ስለሚገኙ ወረቀቶችና ለቤተ መጻሕፍት ስለሚሰጥ ስጦታ

በደብረ ማርቆስ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መጽሐፍ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። የወጣበት ቤትና ደብር ካልተጻፈለት፣ ከወንዙ ማዶ የሚቀበለው ሰው ስለ እርሱ የሚያውቀው በሁለቱ ገበታ መካከል ያለውን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መጻሕፍትንና የታሪክ ጽሑፎችን ለቅርስ ቤተ መጻሕፍት መስጠት ምስጉን ሥራ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ምን እንደሚሰጥና ከምን ጋር እንደሚሰጥ መመርመር ያስፈልጋል።

ብራና ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው፤ ክብሩም ይገባዋል። በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና የምስክሮች ስም ይጻፍ ስለ ነበረ፣ መጽሐፉ የጸሎት ብቻ ሳይሆን የአገሩም መዝገብ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ወስደዋቸው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ከገቡት 350 ያህል መጻሕፍት አያሌዎቹ የየትኛው ደብር እንደ ነበሩ የታወቀው በላያቸው ከተጻፈው የተነሣ ነው። ብራና ተማርኮም እንኳ አገሩን ይናገራል።

ወረቀት ግን አይናገርም፤ ትችቴም በዚህ ላይ ነው። ሰጪም ተቀባይም ብራናውን ሲያከብሩ ወረቀቱን ይንቁታል። የጎጃም ባላገር በርስት ሙግት የኖረ ስለ ሆነ የግብር ደረሰኙን፣ የፍርድ ግልባጩንና የአቤቱታውን ቅጂ በጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን ማኖር ልማዱ ነበር። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ባደረገ ጊዜ ያ ጥቅል በዳኛ ፊት የነበረውን ኀይል አጣ። በቤት ውስጥ ዋጋው የወደቀበት ቀን ግን ለታሪክ ዋጋው የተነሣበት ቀን ነበር። ለምሳሌ በ1960 ዓ.ም. ጎጃም የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ፣ ሹማምንት የጻፉት በመንግሥት መዝገብ ቤት ሊፈለግ ይችላል፤ ገበሬው ራሱ ያስጻፈውን ግን ከገበሬው ሣጥን በቀር የት እናገኘዋለን? ያም ሣጥን በዝናብና በምስጥ እጅ ነው። (ምስጥ በብራናና በወረቀት መካከል አያዳላም፤ የምናዳላው እኛ ነን።)

እንዲህ ያለው ጥቅል ከቤተ መጻሕፍት ሲደርስ «ልዩ ልዩ ወረቀቶች» ተብሎ ቢመዘገብ ከመጣል ብዙም አይሻልም። ተቀባዩ ሰጪውን አስቀምጦ ሊጠይቀው ይገባል፤ ሙግቱ በየትኛው መሬት ላይ ነበር፣ ተሟጋቾቹ ምን ይዛመዳሉ፣ አቤቱታውን የጻፈው ማን ነው፣ ፍርዱስ በምን ተፈጸመ? ይህን የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው፤ ዕድሜያቸውም የቤተ መጻሕፍቱን ተራ አይጠብቅም።

ሰጪውም ቢፈራ አይፈረድበትም። የአያቱን ሙግት የሚያነብ የጎረቤቱ የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እስከ ተወሰነ ዘመን እንዳይነበብ ብሎ ማስያዝ በብዙ አገር ቤተ መጻሕፍት የተለመደ ነው። ዋናውን ከቤቱ ማውጣት የማይወድም ቅጂ ሊያስነሣ ይችላል፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኢትዮጵያ 9,000 የሚያህሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ዋናዎቹ ከየባለቤቶቻቸው ዘንድ ቀርተዋል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲኖር ይፈቅዳል፤ ባለቤቱ ግን በሚገባ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ለብራናው የተደረገው ይህ ሁሉ ለደጀን የግብር ደረሰኝ የማይደረግበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ፣ የቤተ መጻሕፍት ሹማምንት ቢያስረዱን መልካም ነበር።