የግድግዳው ቀመርና የገሉ ጥቀርሻ

ስለ ጥንታዊ ግብፅ ዕጣን የሚጽፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ከኤድፉ ይነሣል። ይህ በላይኛው ግብፅ የሚገኝ የሆረስ ቤተ መቅደስ በ237 ቅ.ል.ክ. ተጀምሮ በ57 ቅ.ል.ክ. የተፈጸመ ሲሆን፣ በአንዲት የውስጥ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የመዓዛ ቅመሞች ከነሚዛናቸው ተቀርጸዋል። ስሙ የገነነው ግሪኮች ኪፊ ያሉት ውህድ ነው፤ ዘቢብ፣ ወይን ጠጅ፣ ማር፣ ከርቤ፣ የጥድ ፍሬ፣ የቄጤማ ዘመድ የሆነ መዓዛማ ሥርና ልዩ ልዩ ሙጫ ይገባበታል። ፈረንሳዊው ቪክቶር ሎሬ እ.ኤ.አ. በ1887 ጥናቱን ካወጣ ወዲህ ኪፊና የቤተ መቅደስ ዕጣን እንደ አንድ ነገር መታየት ጀመሩ። ዛሬ የፈርዖንን መዓዛ በሳሎናቸው ለማጨስ የሚሞክሩትም የሚቀዱት ከዚሁ ግድግዳ ነው።

ልማዱ ግን የቆመው በደካማ መሠረት ላይ ነው። ኤድፉ የታነጸው በግሪካውያኑ በጥሊሞሳውያን ዘመን ሲሆን፣ ከፈርዖኖቹ ገናና ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ይርቃል። በድንጋይ የተቀረጸ ቀመር ምን መደረግ እንደሚገባው ይናገር ይሆናል፤ በየማለዳው ፍሙ ላይ ምን እንደወደቀ ግን አይመሰክርም። ለዚህ የተሻለው ምስክር ጥቀርሻ የያዘ ገል ነው።

አኬናተን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. በቆረቆራት በአማርና ከተማ የተገኙ ሳህኖችና ማሰሮዎች በኬሚካል ሲመረመሩ፣ ሙጫቸው የፒስታሽዮ ዘመድ ከሆነ የሜድትራንያን ዛፍ የተገኘ መሆኑ ታወቀ። በሳህኖቹ ላይ ሙጫው ሲሞቅ ብቻ የሚፈጠር ንጥረ ነገር ስለተገኘ እሳት እንዳገኘው አያጠራጥርም። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በቱርክ ጠረፍ ኡሉቡሩን አጠገብ የሰመጠችው መርከብም ከጫነቻቸው 150 ገደማ የከነዓን ማሰሮዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ሙጫ የያዙ ነበሩ። እውነተኛው ነጭ ዕጣንስ? እ.ኤ.አ. በ1997 በኬሚካል የተረጋገጠው የቃስር ኢብሪም ናሙና በኑቢያ የተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ400 እስከ 500 ዓመት ባለው ጊዜ የሚመደብ ነው።

ሁልጊዜ ለኪፊ ክብር የሚጠቀሰው ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ እንኳ በጥሞና ሲነበብ የተለመደውን አስተያየት አይደግፍም። ግብፃውያን በማለዳ ሙጫ፣ በቀትር ከርቤ፣ ሲመሽ ኪፊ እንደሚያጥኑ ይነግረናል። አሥራ ስድስቱን ቅመሞች ቆጥሮ የሚያደንቀው ለማታው ውህድ ነው፤ የቀረው የቀኑ ክፍል የተራ ሙጫና የከርቤ ነው።

የንግሥት ሐትሼፕሱት መልእክተኞች ዕጣን ወደሚመጣባት ወደ ፑንት ምድር ያደረጉት ጉዞ በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ የተሣለውም በዚህ ዓይን መታየት አለበት። በቅርጫት ከነሥራቸው የተጫኑት የመዓዛ ዛፎች የንግሥቲቱን ኃይል ያውጃሉ፤ የዘወትር ፍጆታን አያሳዩም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ ከፑንት መጡ የሚባሉ የዝንጀሮ አስከሬኖች ጥናት ፑንትን ወደ እኛ ቀጠና ማቅረቡ እውነት ነው። (በዚህ የተደሰተው አንባቢ ብዙ ነው፤ እኔም አልቀረሁም።) ሆኖም ከዚያ ተነሥቶ በካርናክ ቤተ መቅደስ ይጤስ የነበረው የመተማና የሁመራ ዕጣን ነው ማለት ማስረጃውን ከአቅሙ በላይ መጫን ይሆናል።

ከሁሉም ይልቅ ችላ የተባለው የኤበርስ ፓፒረስ ነው። በ1550 ቅ.ል.ክ. ገደማ የተጻፈው ይህ የሕክምና መጽሐፍ ኪፊን ያነሣል፤ ዓላማው ግን የቤትንና የልብስን ሽታ ማሳመር ነው። ሴቶች ማር ጨምረው እንደሚያበስሉት፣ እያድቦለቦሉ እንደሚታጠኑበትና ለአፍ ጠረንም እንደሚጠቀሙበት ይጠቅሳል። ይህ ቀመር ኤድፉን ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። እንግዲህ ኪፊ ከመቅደስ የወጣ ምሥጢር ነው የሚለው ወግ ተቃራኒውን አቅጣጫም ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ቀመሩን ለመድገም የሚሞክሩ ሰዎች ለሚዛኑ የሚጨነቁትን ያህል ለእሳቱ አይጨነቁም። ደረቅ ሙጫ በጋለ ፍም ላይ ሲወድቅ መዓዛውን ሳይሰጥ ይነድና ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ማርና ዘቢብ የገባበት ውህድ ደግሞ ስኳሩ ፈጥኖ ስለሚያር ይብሳል። ቡና የምታፈላ ሴት ይህን ስለምታውቅ ፍሙን በስሱ አመድ ታለብሰዋለች። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ የሚያስከትለው የካርቦን ሞኖክሳይድ አደጋም አለና መስኮት መከፈት አለበት። በቤቱ መሞከር ለሚፈልግ ሰው አመድ በለበሰ ፍም ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የኤበርስ ድብልብል ከኤድፉ ዝርዝር የተሻለች መነሻ ናት።