የእቴጌ ጣይቱ የትውልድ ሐረግና የጸሐፊዎቹ አቈጣጠር

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ሽቅብ የሚታየው የእንጦጦ ጋራ ከአዲስ አበባ አቈራቈር ታሪክ ሊለይ አይችልም። የለጋሲዮኑን ቦታ ለፈረንሳይ መንግሥት የሰጡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱን ዜና መዋዕል በፈረንሳይኛ ለዓለም ያስተዋወቁትም በአዲስ አበባ የፈረንሳይ ሚኒስትር የነበሩት ሞሪስ ደ ኮፔ ነበሩ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት ይህ መጽሐፍ ከእ.ኤ.አ. 1930 ጀምሮ ከብዙ ማብራሪያ ጋር በፓሪስ ታትሟል፤ አማርኛው ግን እስከ 1959 ዓ.ም. ድረስ ማተሚያ ቤት አልገባም። ስለዚህ እቴጌ ጣይቱ ብጡልን በሚመለከት የውጭ አገር ሊቃውንት ለረዥም ጊዜ የተመለከቱት ትርጕሙን ነው።

ዜና መዋዕሉ እቴጌይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ወርደው፥ መስኩን ወደውት ቤት መሥሪያ መለመናቸውንና ከተማው አዲስ አበባ መባሉን በሚያምር አማርኛ ይተርካል። በዚህ ክፍል ሴቲቱ ራሳቸው መራጭ፥ ራሳቸው አቅኚ ሆነው ይታያሉ። ወደ ትውልዳቸው ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜን መሳፍንት ወገን፥ ከደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ቤት ናቸው፤ ያም ቤት ሐረጉን ወደ ዐፄ ሱስንዮስ ያደርሳል። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። የአባትየው ወገን በማዕርግና በጦርነት ታጅቦ ሲቈጠር፥ የእናትየው ወገን በዚያች በአንዲት ስም ላይ ሊቆም ምንም አይቀረው።

በዚህ የቤተ መንግሥት ጸሐፊን መውቀስ አይገባም። ዜና መዋዕል የሚጻፈው ዘውድ ለማጽናት ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነግሠው በሁለተኛው ቀን ጣይቱ የእቴጌነት ዘውድ ሲጭኑ፥ የሚያስፈልገው ወደ ነገሥታት የሚወስደው መሥመር ነበር። ወቀሳው የሚገባው ያንኑ መሥመር እንደ ሙሉ የዘር ሐረግ አድርገው ለተቀበሉት ለኋለኞቹ ነው። ወደ ሱስንዮስ የሚወጣው ሐረግ በመጀመሪያ የይገባኛል ቃል ነው፤ ማስረጃነቱ የሚመዘነው ማን፥ መቼ፥ ለምን ጥቅም እንደ ተናገረው ከታወቀ በኋላ ነው። የየጁ ዝምድናቸውም እንደዚሁ ነው። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል የጁን ገዝተዋል፤ የወሌ ልጅም ራስ ጉግሣ ተብለዋል፤ ይህም የጥንቱን የየጁ ራስ ጉግሣን ያሳስባል። ይሁን እንጂ የሞክሼ ስም ምልክት እንጂ ምስክር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው የክሪስ ፕራውቲ መጽሐፍ እቴጌይቱን ከምኒልክ ጥላ አውጥቶ ስላሳየ፥ በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ከተፈጸመው ጋብቻ በፊት የነበሩትንም ትዳሮች ስላልሸፈነ፥ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ከእርሱ ወዲህ እንኳ የልደታቸው ዓመት በየጸሐፊው ከ10 ዓመት በላይ ሲለያይ ይገኛል፤ አብዛኞቹም የመረጡትን ዓመት ከምን እንዳገኙት አይናገሩም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የጸሐፊዎቹ አቈጣጠር ከአገሩ ልማድ ጋር አለመስማማቱ ነው። በበጌምድርና በጎጃም ባለ ርስት ቤት ሲቈጥር በአባቱ ብቻ አይቈጥርም፤ ርስት በእናትም በአባትም ይወረሳል፤ ከአቅኚዋ ሴት የሚነሣ ተወላጅ ስሟን ጠርቶ ድርሻውን ይጠይቃል። ለጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ሲቈጠር የእናት ወገን አይዘለልም። እንግዲያስ የየውብዳር ወገን ስለ ምን ጠፋ? ምክንያቱ ሴትነታቸው ብቻ አይመስልም። እቴጌ ጣይቱ ልጅ አላስቀሩም። የአዲስ አበባም መሬት በንጉሥ ስጦታ ለመኳንንቱና ለለጋሲዮኖቹ የተመራ እንጂ ከእርሳቸው የሚቈጠር ርስት አልነበረም። ከእርሳቸው ቤት ቈጥሮ የሚከራከር ሰው ካልኖረ፥ የእናታቸውን እናት ስም የሚያስታውስ ከየት ይመጣል?

በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ አካዲ ይባል በነበረው የፈረንሳዮች ሠፈራ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በእ.ኤ.አ. 1671 ቈጠራ ሚስቶች እንደ እኛ አገር በአባታቸው ስም ተመዝግበዋል፤ ራድጎንድ ላምቤር የምትባለው የዣን ብላንሻር ሚስት በዚያ የ42 ዓመት ሴት ናት። ሕዝቡ በ1755 ከአገሩ ተነቅሎ፥ የተረፉት በ1767 በፈረንሳይ በቤል ኢል ደሴት ስለ ወላጆቻቸው ሲመሰክሩ ግን ለዚያው ባል የተጠራችው ሚስት ሌላ ስም ያላት ናት። ኋላም ሴቲቱ የአገሬው የሚክማክ ተወላጅ ናት ተባለ፤ በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፈው የዘር ምልክት በተመረመረ ጊዜ ደግሞ ወደ አውሮፓ አመለከተ። መዝገብ፥ የቃል ምስክርና ደም ሦስቱም በየፊናቸው ሊናገሩ ይችላሉ ማለት ነው። ለእቴጌ ጣይቱ ሦስተኛው መንገድ በእኅት በኩል ካልሆነ ዝግ ነው።

አቅኚ የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። ፍል ውሃና የካ ባዶ መስክ አልነበሩም፤ ጉለሌ፥ ኤካና ገላን የሚባሉት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የሚኖሩበት ነበር፤ የካም ስሙን ከኤካ የወረሰ ነው። የከተማውን ታሪክ ከአንዲት አበባና ከአንዲት እቴጌ የሚጀምር ጸሐፊ የእነዚህን ሰዎች እናቶች ፈጽሞ አይቈጥርም። የየውብዳር ቢያንስ ስማቸው ተርፏል።

የቀረው ፍለጋ በስሜንና በጎንደር የርስት ክርክር መዝገቦችና በአድባራቱ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ነው። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ካስቀረ ወዲህ ቤት መቍጠር ጥቅም የሚያስገኝ ዕውቀት መሆኑ ቀርቷል፤ በክርክር ቆመው የቈጠሩት ሽማግሎችም እያለፉ ነው። እቴጌ ጣይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ሲያርፉ ግን እንዲህ ያሉ ቈጣሪዎች በየደብሩ ነበሩ፤ የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ።